የሃርሞንድስወርዝ ጎተራ፦ ሂትሮው አጠገብ 600 ዓመት የቆመ እንጨት

ለንደኔ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት።

ለንደን ያላችሁ፣ ሂትሮው ዘመድ ልትቀበሉ ሄዳችሁ አይሮፕላኑ ዘግይቷል ሲሏችሁ ምን ታደርጋላችሁ? መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ገንዘብ ከምታቃጥሉ፣ ቀኑ እሑድ ከሆነና ከቀናችሁ፣ አንድ ቦታ ልጠቁማችሁ።

ከአይሮፕላን ማረፊያው በስተሰሜን ሃርሞንድስወርዝ የምትባል መንደር አለች። ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አለፍ ብሎ አንድ የእህል ጎተራ ቆሟል። ጎተራ ስላችሁ የአያቶቻችን ጎተራ ዓይናችሁ ላይ ከመጣ እሱን እርሱት። ይሄኛው ርዝመቱ 58 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ወርዱ ከ11 ሜትር ይበልጣል። የተሠራው በፈረንጆች 1426 አካባቢ ሲሆን እኛ ዘንድ ያኔ አጼ ይስሐቅ ነበሩ ዙፋኑ ላይ።

ሁለመናው የባሉጥ እንጨት ነው፤ ፈረንጆቹ ኦክ የሚሉት። ስትገቡ ጨለም ይላል። ዓይን ሲለምድ ግራና ቀኝ የተሰለፉ ግዙፍ ምሰሶዎች ይታያሉ። መሀሉ ሰፊ፣ ዳር ዳሩ ጠበብ ያለ። ከላይ አግዳሚው በአግዳሚ ላይ ተደራርቦ ጣሪያው ጨለማ ውስጥ ይጠፋል። ገጣሚው ጆን ቤትጀማን «የሚድልሴክስ ካቴድራል» ያለው ወዶ አይደለም፤ ሚድልሴክስ የአካባቢው የድሮ ክፍለ ሀገር ስም ነው።

ደግሞ የሚገርመው ከእንጨቱ 95 በመቶ የሚሆነው የመጀመሪያው ነው ይላሉ። እንጨት እንዴት 600 ዓመት ይቆማል? እኛ ሰፈር ቋሚ ከተተከለ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ሥሩ ይበሰብሳል። ግንባታ የምታውቁ እስቲ አስረዱን።

---

ሞራሌ

ለንደኔ፣ እጅህ ይባረክ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ አናጢ ነኝ። የለጠፍካቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አጉልቼ አየኋቸው።

ካፕሪያታ (የጣሪያውን ሦስት ማዕዘን አጥንት) የለመደ ሰው መጀመሪያ ግራ ይጋባል። እኛ ግድግዳ እናቆማለን። ካፕሪያታውን መሬት ላይ ገጥመን እናወጣና ግድግዳው ላይ እናሳርፋለን። ሞራሌ፣ ቆርቆሮ፣ አለቀ። እዚህ ግን አብዛኛው ሸክም ግድግዳው ላይ አላረፈም። የተሸከሙት የውስጥ ምሰሶዎቹ ናቸው። የውጭው ሳንቃ ቢነቀል እንኳ ጣሪያው የሚወርድ አይመስለኝም።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የምሰሶዎቹ አናት ከታቹ ይወፍራል። እንጨት ደግሞ ወደ ላይ ሲሄድ ነው የሚቀጥነው። ፎቶው ነው ያሳሳተኝ ወይስ እውነት ነው?

---

አርክቴክቷ

@ሞራሌ ፎቶው አላሳሳተህም። ዓይንህ ጥሩ ነው። የቅርስ ጥገና እዚሁ እንግሊዝ ስለተማርኩ ትንሽ ልበል። ረዘም ይላል፣ ቡና አቅርቡ።

የድሮ እንግሊዝ አናጢዎች ዛፉን ዘቅዝቀው መትከል ልማዳቸው ነበር። ሥሩ ወደ ላይ፣ ጫፉ ወደ ታች። ለጌጥ አይደለም። ዛፍ ሥሩ አካባቢ ሰፋ ይላል። ያ ሰፊ ክፍል አናት ላይ ሲውል ለመጋጠሚያ የሚሆን ትርፍ ሥጋ ያገኛሉ። ለምን ትርፍ ሥጋ አስፈለገ? ምክንያቱም አንድ ምሰሶ አናት ላይ ሁለት ከባድ አግዳሚዎች ይገናኛሉ። አንዱ ምሰሶዎቹን በቤቱ ርዝመት የሚያያይዘው ነው። ሌላው ቤቱን በወርድ አቋርጦ ግራና ቀኙን ምሰሶ የሚይዘው ነው።

ሁለቱንም በአንድ ወንዴ (ሴቴ በሚባለው ጉድጓድ ውስጥ በሚገባው የእንጨት ምላስ) መያዝ አይቻልም። ስለዚህ የምሰሶው አናት ላይ ሁለት ወንዴ ይቀረጻል፤ አንዱ ዝቅ ብሎ፣ ሌላው ከፍ ብሎ። ዝቅ ያለው የርዝመቱን አግዳሚ ይወጋል። ከፍ ያለው፣ በዚያ ወፍራም ትከሻ ላይ ያለው፣ የወርዱን አግዳሚ ይወጋል። የወርዱ አግዳሚ ደግሞ በተራው የርዝመቱን ከላይ በርግብ ጅራት ቅርጽ ይነክሰዋል። ሦስት እንጨት እርስ በርሱ ተቆላለፈ ማለት ነው። ጣሪያው ወደ ውጭ ልግፋ ቢል የወርዱ አግዳሚ አይለቀውም። ይህን መጋጠሚያ አስጠጋቼ ባየሁት ቁጥር ያሰበውን ሰው ማግኘት ያምረኛል።

ምስማር የለም ይባላል። ለሳንቃውና ለሸክላ ክዳኑ ምስማር አለ፣ ይሄ ይታወቅ። የዋናው አጥንት መጋጠሚያ ግን በእንጨት ችንካር ነው የታሰረው። ሁለት ምክንያት አለው። ባሉጥ አሲድ የበዛበት እንጨት ስለሆነ እርጥቡ ላይ ብረት ከመታህ ብረቱን ይበላዋል፣ እንጨቱም ይጠቁራል። ሁለተኛው የበለጠ ደስ ይላል። ቀዳዳዎቹ ሆን ተብሎ አይገጥሙም። የሴቴው ቀዳዳ እዚህ ከሆነ የወንዴው ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ትከሻው ቀረብ ብሎ ይበሳል። ችንካሩ ሲመታ ተጣሞ ያልፋል፤ ሲያልፍ ደግሞ ወንዴውን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ችንካሩ ከደረቅ ባሉጥ ነው፣ ያውም በመጋዝ ያልተቆረጠ፣ ተፈልጦ የተጠረበ። የተፈለጠ እንጨት ጅማቱ ስለማይቆረጥ ሲጣመም አይሰበርም።

የምሰሶውና የአግዳሚው እንጨት ግን እርጥቡን ነው የሚሠራው፣ በተቆረጠ በወራት ውስጥ። እርጥብ ባሉጥ ለመሮ ለስላሳ ነው፤ ከደረቀ መሮው ይንጫጫል። ቤቱ ከቆመ በኋላ ዓመት በዓመት ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ትንሽም ይጣመማል። ስለዚህ የድሮ ጎተራ ውስጥ ቀጥ ያለ መስመር አትፈልጉ።

---

ሞራሌ

«ቀዳዳዎቹ ሆን ተብሎ አይገጥሙም»!! ይህን ነው እንጂ።

እኛ ልጆቹ ቀዳዳ ሲያስቱ እንጮኽባቸዋለን።

---

ደብረ_ዳሞ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን ላሊበላን ከአንድ ዐለት የፈለፈለ ሕዝብ ለፈረንጅ የእህል ቤት እንዲህ አፉን መክፈቱ አይገባኝም። ደብረ ዳሞ ገዳም ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ከዚህ ጎተራ በፊት ብዙ መቶ ዓመት። እንጨትና ድንጋይ ተነባብሮ። እሱን ማን አወራ?

---

አርክቴክቷ

@ደብረ_ዳሞ ወንድሜ፣ ስለ እሱም እናውራ፣ ደስ ይለኛል። ግን ሁለቱ ሥራዎች አንድ አይደሉም።

በአክሱም ስልት ድንጋዩ ነው የሚሸከመው። እንጨቱ በግድግዳው ውስጥ በርዝመት ይጋደምና ድንጋዩን ያስራል። በወርድ የሚያልፉት ክብ እንጨቶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ይወጣል፤ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት እነሱ ናቸው። ላሊበላ አካባቢ ዋሻ ውስጥ ያለው ይምርሐነ ክርስቶስም በዚያው መንገድ ነው የተሠራው፣ እንጨትና በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቀ። እንጨቱ እዚያ ማሰሪያ ነው፤ ብቻውን አይቆምም።

ሃርሞንድስወርዝ ግን ግድግዳ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል። እንጨቱ ራሱ ሕንፃው ነው። ለእሱ የሚቀርበው ዘመድ ከእኛ ዘንድ አክሱም ሳይሆን ክቡ ቤታችን ነው፤ ምሰሶ፣ ቋሚ፣ ማገር። ወይም የጣና ገዳማት፣ እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት። ምሰሶ መሀል ቆሞ ክዳን የሚሸከምበት።

---

ደብረ_ዳሞ

እሺ፣ ተቀብያለሁ። ግን እህል ቤት ያው እህል ቤት ነው።

---

የገበሬ_ልጅ

እኔን የገረመኝ መጋጠሚያው ሳይሆን መጠኑ ነው። የተወለድኩት ጎጃም፣ ከገበሬ ቤት ነው። አባቴ ጥሩ ያመረተ ዓመት እንኳ ጎተራችን ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚያቅፈው ነበር። በጭቃና በእበት የተመረገ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ፣ የሣር ቆብ ያለው። ታዲያ እነዚህ ሰዎች 58 ሜትር ምን ሊያደርጉበት ነው? ያን ያህል እህል ነበራቸው?

ነገሩን ሳስበው እህሉ አይደለም። ዝናቡ ነው።

እኛ ዘንድ ክረምቱ መስከረም ላይ ይወጣል። ጤፉ ኅዳር ታጭዶ ይከመራል። ታኅሣሥና ጥር አውድማ በእበት ይለቀለቅና በሬ ያበራያል። ከዚያ በመንሽ፣ ከዚያ በላይዳ ለነፋስ። ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ ጣሪያ ማን ይፈልጋል? ጎተራ የሚገባው ፍሬው ብቻ ነው። ገለባው ውጭ ይከመርና ለከብት ይሆናል፣ ጭዱ ለምርጊት። ፍሬ ብቻውን ደግሞ ቦታ አይፈጅም።

እንግሊዞቹ የሚያጭዱት በእነሱ ኦገስት ነው። አጭደው ሳይጨርሱ ዝናቡ ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ እስከ ሚያዝያ እንትፍ እንትፍ ነው። ሜዳ ላይ መውቃት አይታሰብም። ስለዚህ ነዶውን ከነአገዳው አምጥተው ጣሪያ ሥር ይከምሩታል። የእነሱን ክረምት፣ ብርዱን ወራት በሙሉ፣ እዚያው ውስጥ፣ በቆዳ በተያያዙ ሁለት ዱላዎች፣ ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ ይወቃሉ። ጎተራ ተባለ እንጂ ክምሩንም፣ አውድማውንም፣ ጎተራውንም በአንድ ጣሪያ ሥር የያዘ ቤት ነው። 58 ሜትሩ የበዛው ለገለባ ነው።

---

ወለላ

@የገበሬ_ልጅ ክሩ ውስጥ ካነበብኩት ሁሉ ይሄ በለጠብኝ።

ግን «ሰማዩ ጥርት ያለ ነው» ያልከውን ዘንድሮ እናቴ ብትሰማ ታለቅስ ነበር። ክምሩ ላይ ዘነበበትና ግማሹ በቀለ።

---

የገበሬ_ልጅ

@ወለላ አይዟችሁ እህቴ። እውነትሽን ነው፣ አሁን አሁን ወሩ ሁሉ ተምታቷል። እኛም ጋ ሰው ሸራ መግዛት ጀምሯል።

---

ለንደኔ

@የገበሬ_ልጅ ይህን ከሰማሁ በኋላ በሮቹ ገቡኝ። በምሥራቅ በኩል ሦስት ትልልቅ በሮች አሉ፤ ነዶ እስከ አፉ የተጫነ ጋሪ የሚያስገቡ። ለምን ሦስት እያልኩ ነበር። አንዱ ጋሪ ሲራገፍ ሌላው ይገባል፣ ሩቅ መሸከም ይቀራል። ውስጡ በምሰሶዎቹ 12 ቦታ ስለተከፈለ በሮቹ ፊት ያለው ክፍት ቦታ መራገፊያና መውቂያ ይሆናል፣ የቀረው እስከ ጣሪያ ይከመርበታል።

ሳንቃውም በመሀሉ አየር ያስገባል። እርጥብ ነዶ ታፍኖ እንዳይሻግት መሆን አለበት።

---

ዲያቆን_ዘለንደን

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የሰማሁት ይህ የአስራት ጎተራ ነው፤ ገበሬው ከአሥር አንዱን ለቤተ ክርስቲያን የሚያስገባበት። ያ ከሆነ ከእኛው ሥርዓት ጋር ይመሳሰላል።

---

አርክቴክቷ

ዲያቆን፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሰው ሁሉ እንደዚያ ይለዋል፣ የድሮ ካርታ ላይ ሳይቀር። ነገር ግን የአስራት ጎተራ አልነበረም። የርስቱ ባለቤት የራሱን እርሻ ምርት የሚያስገባበት ነበር።

ባለቤቱ ማን መሰለዎት? ትምህርት ቤት ነው። የዊንቸስተሩ ጳጳስ ዊሊያም ኦቭ ዋይከም በ1382 ዊንቸስተር ኮሌጅን አቋቋመ። 70 ድኻ ተማሪዎች እንዲማሩበት። ተማሪ ደግሞ ይበላል። ስለዚህ በ1391 ይህን ርስት ፈረንሳይ ሩዋን ከሚገኝ ገዳም ገዝቶ ለትምህርት ቤቱ መተዳደሪያ ሰጠ። እሱ በ1404 ሞተ፣ ጎተራው የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። በ1540ዎቹ ሄንሪ 8ኛ ርስቱን በልዋጭ ወስዶታል፤ ልዋጭ ስንል ንጉሥ የጠየቀውን ማን እምቢ ይላል።

---

ዲያቆን_ዘለንደን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያውስ ከአስራት ይልቅ ለጉልት ይቀርባል። «ሲሶ ለቀዳሽ» የሚባለው ዓይነት፣ ቀዳሹ ትምህርት ቤት ሆኖ። ኮሌጁም ምስለኔ አስቀምጦ ያሠራ ነበር ማለት ነው።

ለ70 ተማሪ 58 ሜትር ጎተራ! እኛ አኩፋዳ አንጠልጥለን ከውሻ ጋር ስንታገል ኖርን።

---

ወለላ

😂😂 ዲያቆን!

---

ጥያቄ_አለኝ

1426 ነው ብላችሁ በምን አወቃችሁ? የመሠረት ድንጋይ ላይ ተጽፏል? ወይስ እንደ ሰፈራችን «የዛሬ ሺህ ዓመት» ዓይነት ነው?

---

ለንደኔ

ሁለት መንገድ ተገናኝቶበት ነው። አንደኛው ወረቀት ነው። የርስቱ ሰነድ በ1426 ዊሊያም ኪፒንግ እና ጆን አት ኦክ የተባሉ ሁለት አናጢዎች ለጎተራ የሚሆን እንጨት ለማግኘት ቴምዝ ወንዝ ዳር ወዳለችው ኪንግስተን መሄዳቸውን መዝግቧል።

ሌላኛው እንጨቱ ራሱ ነው። አርክቴክቷ ከእኔ በተሻለ ትናገር።

---

አርክቴክቷ

ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል። ዝናብ ጥሩ የነበረበት ዓመት ወፍራም፣ ድርቅ የነበረበት ቀጭን። አንድ አካባቢ የበቀሉ ባሉጦች ቀለበታቸው ይመሳሰላል። ከዛሬው ዛፍ ተነስተው፣ በአሮጌ ቤቶች እንጨት እያያያዙ፣ ብዙ መቶ ዓመት ወደኋላ የሚሄድ ተከታታይ መዝገብ አበጅተዋል። ከጎተራው ምሰሶ እንደ እርሳስ የቀጠነ ናሙና ይሰረሰርና ከመዝገቡ ጋር ይነጻጸራል። ከልጡ ሥር ያለው የመጨረሻ ቀለበት ካልጠፋ ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት ብቻ ሳይሆን ወቅቱም ይታወቃል።

እዚህ የተገኘው ውጤት ዛፎቹ የተቆረጡት ከ1424 የእነሱ ክረምት (ብርዱ ወራት) እስከ 1426 ጸደያቸው (ብርዱ እንደወጣ) ባለው ጊዜ ነው። ወረቀቱ 1426 ይላል። እርጥቡን እንደሚሠሩት ደግሞ ቀድሜ ብያለሁ። ስለዚህ ክርክር የለውም።

@ሞራሌ ለአንተ አንድ ጨምሬ ልንገርህ። የዚያ ዘመን አናጢዎች አጥንቱን መጀመሪያ መሬት ላይ አጋድመው ይገጥሙታል። ልኩን ካዩ በኋላ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በመሮ ቁጥር ይጭሩበታል፣ ይፈቱትና እንደገና ያቆሙታል። ቁጥሩ የሮማ ነው። የሮማ ቁጥር ቀጥ ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ ለመሮ ይመቻል። አራትን ግን ብዙ ጊዜ በአራት ጭረት ነው የሚጽፉት። ከአምስት ፊት አንድ አድርገው ቢጽፉት እንጨቱ ሲገለበጥ ከስድስት ጋር ይምታታል።

---

ሞራሌ

ይህንንስ እኛም እናደርገዋለን። በእርሳስ ስለሆነ ዝናብ ሲመታው ይጠፋል እንጂ። ካፕሪያታ ቁጥሩ ጠፍቶ ግማሽ ቀን የተጨቃጨቅንበት ሥራ አለ፣ አይነሳብኝ።

አሁን ወደ ሆዴ ጥያቄ ልመለስ። እግሩስ? ምሰሶው መሬት ውስጥ ስንት ሜትር ገብቷል?

---

ለንደኔ

ዜሮ።

---

ሞራሌ

አትቀልድ።

---

ለንደኔ

የምሬን ነው። እያንዳንዱ ምሰሶ የቆመው አናቱ ጠፍጣፋ ሆኖ በተጠረበ የአሸዋ ድንጋይ ላይ ነው። ድንጋዩ ራይጌት ከሚባል ቦታ የመጣ ነው። ምሰሶው አፈር አይነካም። ጎንበስ ብዬ እንጨቱና ድንጋዩ የሚገናኙበትን አየሁት። እንጨቱ ጥርት ብሎ ደርቋል፤ የመጥረቢያው ምት ሳይቀር ይታያል።

---

አርክቴክቷ

600 ዓመት ያቆየው ዋናው ነገር ይሄ ነው። እንጨት ወይ ሁልጊዜ ደረቅ ከሆነ ይኖራል፣ ወይ ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ ከሆነ ይኖራል። የሚገድለው መሀሉ ነው፤ መርጠብ፣ መድረቅ፣ መርጠብ። ያ ቦታ ልክ የአፈሩ ፊት ላይ ነው። የእኛ ቋሚ የሚቆረጠው እዚያ ጋ መሆኑን ሁላችሁም አይታችኋል፤ ከታች የተቀበረው ደህና፣ ከላይ ያለው ደህና፣ መሀሉ ዱቄት።

እንግሊዝ ምስጥ የለም፣ ይህን ማመን አለብን። ነገር ግን አሮጌ ባሉጥ የሚበላ ጥንዚዛ አላቸው። እሱም ቢሆን የሚመርጠው የረጠበና መበስበስ የጀመረ እንጨት ነው። ጣሪያው ካላፈሰሰ ብዙ አይደፍርም።

---

ሞራሌ

ቆይ ቆይ። ቋሚ የምንቀብረው እኮ ለሞኝነት አይደለም። ሲቀበር አፈሩ ይይዘዋል፣ አይወላገድም። ድንጋይ ላይ ካስቀመጥኩት ማን ያዘው? ነፋስ አንድ ጊዜ ቢገፋው እንደ ሰካራም ጋደም ነው።

---

አርክቴክቷ

ትክክለኛው ጥያቄ! ምሰሶው ከአፈር ሲወጣ የአፈሩን ሥራ ሌላ ነገር መሥራት አለበት። ፎቶውን እንደገና እይ። ከየምሰሶው ወገብ በላይ ተነስተው ወደ አግዳሚው የሚወጡ ጎበጥ ያሉ ሰያፍ እንጨቶች አሉ፣ አንዳንዶቹ በወርድ፣ አንዳንዶቹ በርዝመት። ሰው ለውበት ይመስለዋል። ሦስት ማዕዘን እየሠሩ ነው። አራት ማዕዘን ይወላገዳል፤ ሦስት ማዕዘን ጎኑ ካልተሰበረ አይወላገድም። ጉብጠቱም ተጣሞ ከበቀለ ዛፍ የተመረጠ ነው፤ ጅማቱ ከቅርጹ ጋር ስለሚሄድ ቀጥ ካለ ግንድ ተቀርጾ ቢወጣ ከሚሆነው ይበረታል።

ክብደቱም ይረዳል። ያን ሁሉ የሸክላ ክዳን ነፋስ በቀላሉ አያነሳውም። ለቆርቆሮ ቤት ግን ምሰሶውን ከድንጋዩ ጋር በብረት ካላሰርክ አደጋ አለው።

---

ኤሴክስ

ዘግይቼ ገባሁ። ይህን የወደዳችሁ ሰዎች ወደ እኔም ሰፈር ኑ። ኤሴክስ ውስጥ ክሬሲንግ ቴምፕል የሚባል ቦታ ሁለት ጎተራ ጎን ለጎን አለ፣ የገብሱና የስንዴው ይባላሉ። ሁለቱም የ13ኛው መቶ ዓመት ናቸው፤ ከሃርሞንድስወርዝ ከ150 እስከ 200 ዓመት ገደማ ይቀድማሉ። ያሠሯቸው የቤተ መቅደስ ባላባቶች የሚባሉት የመስቀል ጦርነት ወታደር መነኮሳት ናቸው። ቦታውን በ1137 የሰጠቻቸው ንግሥት ማቲልዳ ነች።

የገብሱ ይበልጣል በዕድሜ፣ ግን ብዙ ተነካክቷል። እኔ የምወደው የስንዴውን ነው። እዚያ ሰያፎቹ በወንዴና ሴቴ ብቻ አልገቡም፤ እንጨቱ ፊት ላይ ተነባብረው፣ እንዳይሸሹ በጥርስ ተይዘዋል። የአካባቢው ሰው ሴሲል ሂውት በመጋጠሚያው ዓይነት ብቻ የሕንፃ ዕድሜ መገመት ይቻላል ብሎ የተነሳው እንዲህ ያሉ ጎተራዎችን እያየ ነው።

---

ጥያቄ_አለኝ

ሃርሞንድስወርዝን ሦስተኛው የአይሮፕላን መንደርደሪያ ይውጠዋል ሲባል ሰምቼ ነበር። እውነት ነው?

---

ለንደኔ

ጎተራውን ሳይሆን መንደሩን ነው የሚነካው። ፓርላማው በ2018 ዕቅዱን ሲደግፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ይፈርሳሉ ተባለ። ከዚያ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ኮሮና፣ ነገሩ ተኛ። በ2025 መጀመሪያ መንግሥት እንደገና ደግፎ ተነስቷል። ጎተራው ከሚፈርሰው ውጭ ነው፣ ግን ጎረቤት አልባ ሆኖ አጥር ሥር መቅረቱ ነው።

ከዚያ በፊትም ሊጠፋ ነበር። በ2006 አንድ ኩባንያ በ1 ፓውንድ ገዛው። አዎ፣ አንድ። ሸክላው እየወደቀ ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ዝም አለ። ሰው ሁሉ መንደርደሪያው ሲመጣ ካሳ ሊበላ ነው እያለ ያማው ነበር። በመጨረሻ የቅርስ ጥበቃ ድርጅቱ ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ በ2009 አስቸኳይ ጥገና አድርጎለት፣ በኋላም በ20 ሺህ ፓውንድ ገዛው። ታድሶ የተከፈተው በ2015 ነው። ለንደን ውስጥ በ20 ሺህ ፓውንድ ጋራዥ አይገኝም እኮ!

አሁን የመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚያስጎበኙት። በነፃ ነው። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት፣ በወሩ ሁለተኛና አራተኛ እሑድ። በኤልሳቤጥ መስመር ባቡር ዌስት ድሬይተን ወርዳችሁ አውቶቡስ ነው። ቀኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፣ አንድ ጊዜ ዝግ በር ጠብቆኛል።

---

ወለላ

ሽማግሌዎቹ አስጎብኚዎች ጥያቄ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል? ልጆቼን ላመጣ ነው። ልጆቼ ደግሞ ጥያቄ አያልቅባቸውም።

---

ለንደኔ

አምጫቸው። ሲጠየቁማ ማን ያቆማቸዋል።

---

ሞራሌ

እኔ ደግሞ ሥራ ልጀምር ነው። አማቴ ደብረ ብርሃን አካባቢ እህል ማስቀመጫ ሥራልኝ ካሉኝ ከርሟል። አራት በስድስት ሜትር፣ ቆርቆሮ ክዳን። ስድስት ጥርብ ድንጋይ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ አድርጌ አስቀምጣለሁ፣ ቋሚዎቹን እላዩ ላይ አቆምና በብረት አስራለሁ። ሰያፍ በአራቱም ማዕዘን። የተቃጠለ ዘይት መቀባት ቀረ። አርክቴክቷ፣ የሳትኩት አለ?

---

አርክቴክቷ

ሁለት ነገር። ድንጋዩ አናት ላይ ውኃ እንዳይተኛ ትንሽ ወደ ውጭ አዘንብለው። የጣሪያው ከንፈር ደግሞ ሰፋ ይበል፤ ደብረ ብርሃን ዝናቡ በነፋስ ተገፍቶ በጎን ነው የሚመጣው፣ እግሩን ይመታዋል። አይጥ እንዳይወጣ ቋሚው ላይ ቆርቆሮ ቆብ ብትጨምር አማትህ ይመርቁሃል። እንጨቱ ምንድን ነው? ባህር ዛፍ ከሆነ ሲደርቅ ክፉኛ ይጣመምብሃል።

---

ሞራሌ

ባህር ዛፍ አልፈልግም። ጥድ ነበር ሐሳቤ።

---

የገበሬ_ልጅ

ጥድ መቁረጥ ክልክል ነው፣ እንዳትታሰር።

---

ሞራሌ

ቆሞ ያለውን ማን ይነካል! ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ጥድ ያለው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ስድስት ቋሚ፣ ከሦስት ሜትር ያላነሰ፣ ምስማር ያልበዛበት። ዋጋ እንነጋገራለን።

---

አስተዳዳሪ

@ሞራሌ የግዢና ሽያጭ ማስታወቂያ በዚህ ክር አይፈቀድም፣ «ገበያ» በሚለው ክፍል ክፈተው። ሥራው ሲያልቅ ግን የእግሩን ፎቶ እዚሁ ለጥፍ።